ስቴንለስ ስቲልን በ650 ዲግሪ አሙቆ ማቆየት ከዝገት አያድነውም፦ የምላሽ ጽሑፍ

ስለ ስቴንለስ ስቲል ብየዳና የሙቀት አያያዝ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ በበያጆችና በብረታ ብረት ወርክሾፖች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ ሰሞኑን እኔም ዘንድ ደረሰ። ጸሓፊው የሥራ ልምድ ያላቸው ሰው መሆናቸው ከአቀራረባቸው ይታያል፤ ጉዳዩን በአማርኛ ለማስረዳት መድከማቸውም ሊመሰገን ይገባዋል። ነገር ግን ከሰጧቸው ምክሮች ቢያንስ አንዱ፣ እንደ ተጻፈው በሥራ ላይ ከዋለ፣ ደህናውን ዕቃ የሚያበላሽ ነው፤ ዕቃው ደግሞ ወተት የሚያዝበት፣ መድኃኒት የሚቀመምበት ወይም የመጠጥ ውኃ የሚጠራቀምበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

የጽሑፉ ሐሳብ ባጭሩ እንዲህ ነው። ስቴንለስ ስቲል ነጠብጣብ ዝገት ካወጣ ከመጀመሪያውም አስመስሎ የተሠራ ነው፤ ብየዳ ብረቱን ስለሚያስጨንቀው፣ ማለትም በውስጡ የታመቀ ኃይል ስለሚተውበት፣ የተበየደውን መስመር እስከ 650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሙቆ፣ ለሁለት ሰዓት አቆይቶ፣ በዝግታ ማቀዝቀዝ ዝገትን ይከላከላል፤ በብየዳው ዙሪያ የሚታየው ወርቃማና ሰማያዊ ቀለም የመልክ ጉዳይ ብቻ ነው፤ ካርቦኑ ያነሰው ዓይነት ከተገዛ ሙቀቱ የቱንም ያህል ቢሆን አያሳስብም፤ ቢላዋና መቀስ የሚዝጉት በሙቀት ስለ ጠነከሩ ነው፤ ሙቀቱ ጉዳት ማድረስ አለማድረሱም በማግኔት ይታወቃል። በየተራ እመልሳለሁ፤ ነገር ግን ክብደታቸው እኩል ስላልሆነ ቦታቸውም እኩል አይሆንም።

ከመጀመሪያው ነጥብ ልነሣ። ስቴንለስ ስቲልን ከዝገት የሚጠብቀው በገጹ ላይ ራሱ የሚያበጀው የክሮሚየም ኦክሳይድ ሽፋን ነው። የሽፋኑ ውፍረት ጥቂት ናኖሜትር ብቻ ነው፤ አንድ ናኖሜትር የአንድ ሚሊሜትር ሚሊዮንኛ ነው። ሽፋኑ እንዲጸና በብረቱ ውስጥ ቢያንስ 10.5 በመቶ ገደማ ክሮሚየም መኖር አለበት፤ ቢፋቅም ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ ራሱን መልሶ ይጠግናል። ይህን ጥገና ከሁሉ ይልቅ የሚያሸንፈው ክሎራይድ ነው፤ እርሱም በገበታ ጨው፣ በጨዋማ የጉድጓድ ውኃና በየቤቱ በምንጠቀምበት በረኪና ውስጥ ይገኛል። ክሎራይድ ሽፋኑ በደከመበት ነጥብ ሰብሮ ሲገባ ከሥሩ ያለው ብረት ይሟሟል፤ የሟሟው ብረት ከውኃ ጋር ተዋሕዶ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱና ወደ ውስጥ የሚሳበው ተጨማሪ ክሎራይድ ደግሞ ሽፋኑ እንዳይጠገን ያደርጋሉ። በዘርፉ ቋንቋ ፒቲንግ የሚባለው ይህ ነው። ነቀዝ የበላው ባቄላ ከውጭ አንዲት ቀዳዳ ብቻ ታይታበት ውስጡ ባዶ እንደሚሆን ሁሉ፣ ፒቲንግ የያዘው ላሜራም ከላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ነጥብ ብቻ እየታየችበት ከሥሯ ሰፊ ጉድጓድ ሊኖረው ይችላል።

እንግዲህ ይህ በአስመሳይ ብረት ላይ ብቻ የሚደርስ አይደለም። በቀዝቃዛ ንጹሕ ውኃ ላይ በተለምዶ የሚሠራበት መመሪያ 304 በሚል ቁጥር ለሚታወቀው የተለመደ የስቴንለስ ስቲል ዓይነት ክሎራይዱ በሊትር ከ200 ሚሊግራም፣ ዝገትን ከእርሱ ይበልጥ ለሚቋቋመው ለ316 ደግሞ ከ1000 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ይላል፤ ውኃው ሲሞቅ ወይም በስንጥቅና በክዳን ሥር ሲታቆር ገደቡ ከዚያም ይወርዳል። በገበያ ላይ ሌላ ዓይነት ብረት 304 ነው እየተባለ የሚሸጥበት ጊዜ መኖሩን አልክድም። ይሁን እንጂ ነጠብጣብ በታየ ቁጥር ነጋዴውን ብቻ መክሰስ በገዛ ወርክሾፓችን ውስጥ የሆነውን እንዳንመረምር ያደርገናል። የዚህ ጽሑፍ ዋና ጉዳይም እዚያው ወርክሾፕ ውስጥ ነው።

የ650 ዲግሪው ምክር ከተራ ብረት ሥራ የተወሰደ ይመስለኛል። ለካርቦን ብረት ከብየዳ በኋላ ወደ 600 ዲግሪ ገደማ አሙቆ፣ አቆይቶ፣ በዝግታ ማቀዝቀዝ የታወቀና ትክክለኛ አሠራር ነው። ለ304 ግን ያው አሠራር ጉዳት ነው፤ ምክንያቱን ለማየት ትንሽ ስሌት ያስፈልገናል። በተለመደው 304 ውስጥ 18 በመቶ ያህል ክሮሚየም፣ 8 በመቶ ያህል ኒኬልና ጥቂት ካርቦን አለ፤ ካርቦኑን 0.06 በመቶ ነው እንበል። ብረቱ ከ425 እስከ 870 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ሲቆይ ካርቦኑ ክሮሚየምን እየያዘ ካርባይድ ይሆናል። በዚህ ካርባይድ ውስጥ ለ6 የካርቦን አቶሞች 23 የብረታ ብረት አቶሞች ይደርሳሉ፤ 23ቱም ክሮሚየም ናቸው ብለን ብንወስድ 1 ግራም ካርቦን ከ16 ግራም በላይ ክሮሚየም ያስራል። ስለዚህ 0.06 በመቶ ካርቦን ቢበዛ 1 በመቶ ገደማ ክሮሚየም ቢወስድ ነው።

18 የነበረው 17 ቢሆን ምን ይጎዳል ብሎ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄው ተገቢ ነው። ኪሳራው ለብረቱ ሁሉ እኩል ቢዳረስ ኖሮ በእርግጥ አይጎዳም ነበር። ነገር ግን ብረት እንደ ውኃ ወጥ የሆነ ነገር አይደለም፤ እርስ በርሳቸው ከተጣበቁ ጥቃቅን የክሪስታል ቅንጣቶች የተሠራ ነው፤ ካርባይዱም የሚወለደው በቅንጣቶቹ መካከል ባለው ድንበር ላይ ነው። የካርቦን አቶም ትንሽና ፈጣን በመሆኑ ከቅንጣቱ መሐል ሳይቀር ተነሥቶ ድንበሩ ላይ ይደርሳል፤ ክሮሚየሙ ግን በዚህ ሙቀት እጅግ ዘገምተኛ ስለሆነ ካርባይዱ የሚያገኘው ከአጠገቡ ያለውን ብቻ ነው። ዕዳውን የሚከፍለው ሀገሩ ሁሉ ሳይሆን የድንበሩ ነዋሪ ብቻ ነው ማለት ነው። ከዚህም የተነሣ የቅንጣቱ መሐል 18 በመቶ ክሮሚየም እንደ ያዘ፣ በድንበሩ ግራና ቀኝ ያለው ከማይክሮሜትር የጠበበ ጥብጣብ ለሽፋኑ ከሚያስፈልገው 10.5 በመቶ በታች ሊወርድ ይችላል። ያ ጥብጣብ ስቴንለስ ነው ለማለት አይቻልም።

የዚህ ጉዳት ቀጥተኛ ውጤት ድንበር ለድንበር የሚሄደው ዝገት ነው፤ በፒቲንግ ላይ ያለው ተጽዕኖም ከዚያው ይመነጫል። ጉድጓድ የሚጀመረው ሽፋኑ በደከመበት ነጥብ ነው ብያለሁ፤ በ650 ዲግሪ ሁለት ሰዓት የቆየ 304 ደግሞ በእያንዳንዱ ቅንጣት ዙሪያ ደካማ ነጥብ ተዘጋጅቶለታል። ስለዚህ ያው ብረት ከመሞቁ በፊት ይችለው የነበረውን የክሎራይድ መጠን ከሞቀ በኋላ አይችለውም።

ጸሓፊው ይህን ቢጠራጠሩ አንድ ነገር እንዲያጣሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ኤኤስቲኤም ኤ262 በተባለው የአሜሪካ የፍተሻ ሥርዓት ካርቦናቸው ዝቅተኛ የሆነ ወይም በቲታኒየምና በኒዮቢየም የተጠበቁ ብረቶች ከመፈተናቸው በፊት ሆን ተብሎ እንዲጎዱ ይደረጋል፤ ከሚጸኑት የማይጸኑት እንዲለዩ። የሚጎዱበት ሙቀት ከ650 እስከ 675 ዲግሪ ነው፤ የተለመደው በ675 ዲግሪ የአንድ ሰዓት ቆይታ ነው። ጸሓፊው መድኃኒት ነው ብለው የጻፉትን ሙቀት ላቦራቶሪው ለማሳመም ይጠቀምበታል።

እኔም በዓይኔ ያየሁት አለ። ስሟን የማልጠራት አንዲት ወርክሾፕ ከ304 ላሜራ የሠራችው የወተት ማጠራቀሚያ በአንድ ማዕዘኑ ላይ አፍስሶ ተመልሶ መጣ። በያጁ ቀዳዳውን በአርጎን ብየዳ ደፈነና «ጭንቀቱ እንዲለቀው» በማለት አንድ ክንድ የሚያህለውን መስመር በኦክስጅንና አሴቲሊን ችቦ ጠይም ቀይ እስኪሆን አሞቀው፤ ከዚያም በጨርቅ ሸፍኖ በቀስታ እንዲቀዘቅዝ ተወው። ጠይም ቀይ ማለት በግምት ከ600 እስከ 700 ዲግሪ ነው። ጥቂት ወራት ቆይቶ ያንን ዕቃ ስንመለከተው ችቦው ያለፈበት ስፍራ በቡናማ ነጠብጣብ ተሞልቶ ነበር፤ ከብየዳው ግራና ቀኝ እንደ ተዘራ ጤፍ ተበትኗል። በአንዱ ነጥብ ላይ የልብስ መርፌ ሰደድኩበት፤ መርፌዋ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል ገባች። በዚያው ዕቃ ላይ፣ በዚያው በያጅ የተበየዱት፣ ችቦ ያልነካቸው ሌሎች መስመሮች ግን ንጹሕ ነበሩ። ወተቱም፣ የሚታጠብበት ውኃም፣ በረኪናውም አንድ ነው፤ ልዩነቱ ሙቀቱ ብቻ ነበር። በያጁን አልወቅሰውም፤ የሠራው በተራ ብረት ላይ የተማረውን ነው፤ በጽሑፍ የሚሰጥ ምክር ግን ይህን ስሕተት ሊያርመው ሲገባ ማጽናት የለበትም።

ጸሓፊው ትክክል የሆኑበትን መናገርም ግዴታዬ ነው። ሙቀት ስቴንለስ ስቲልን ሊጠቅም ይችላል ማለታቸው እውነት ነው። የሚጠቅመው ግን ሌላ ሙቀት ነው። 304ን ከ1040 እስከ 1100 ዲግሪ ብናሞቀው ካርባይዱ ይሟሟል፤ ክሮሚየሙም ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ከዚያ ውኃ ውስጥ ብንነክረው ወይም ስስ ላሜራ ከሆነ በአየር በፍጥነት ብናቀዘቅዘው ካርቦኑ ክሮሚየም ለመያዝ ጊዜ አያገኝም። እዚህ ላይ «በዝግታ ማቀዝቀዝ» የሚለው ቃል ሁሉን ያፈርሳል፤ በዝግታ የሚቀዘቅዝ ብረት ከ870 እስከ 425 ያለውን ክልል በዝግታ ያልፋል። ደግሞም የተበየደን ሙሉ ታንከር በ1050 ዲግሪ አሙቆ ውኃ ውስጥ መንከር፣ እቶኑ ቢገኝ እንኳ፣ ቅርጹን ያጣምመዋል። ስለዚህ ለወርክሾፕ የሚበጀው መንገድ ካርቦኑ ከ0.03 በመቶ የማይበልጠውን 304ኤል ወይም 316ኤል መግዛት፣ በአነስተኛ ሙቀት መበየድ፣ በመስመርና በመስመር መካከል ብረቱ በደንብ እንዲቀዘቅዝ መተው ነው። የሁለት ሚሊሜትር ላሜራ በዚህ መንገድ ከተበየደ ከብየዳ በኋላ ምንም ማሞቅ አያስፈልገውም።

ብየዳ በብረት ውስጥ ጭንቀት ይተዋል የሚለውም ትክክል ነው፤ ነገር ግን ያ ጭንቀት በዋናነት የሚያሰጋው መሰንጠቅን እንጂ ፒቲንግን አይደለም፤ የክሎራይድ ስንጥቅ ደግሞ በ304 ላይ በብዛት የሚታየው ከ60 ዲግሪ በላይ በሆነ ፈሳሽ ውስጥ ነው። 650 ዲግሪም ቢሆን የ304ን ጭንቀት በከፊል ብቻ ነው የሚያስለቅቀው፤ አብዛኛውን ለማስለቀቅ ወደ 900 ዲግሪ ገደማ መውጣት ያስፈልጋል። ክሮሚየሙን ከፍለን ጭንቀቱንም ሙሉ በሙሉ አናስለቅቅም።

ቀለሙን በተመለከተ ጸሓፊው «ዓይን ካላስጠላ ይተው» ይላሉ። ወርቃማው፣ ቡናማውና ሰማያዊው ቀለም ብረቱ ሲግል በኦክስጅን የተሠራ ወፍራም ኦክሳይድ ነው፤ ለመሠራትም ክሮሚየምን ከሥሩ ካለው ብረት ወስዷል። ስለዚህ ከቀለሙ ሥር ክሮሚየሙ የተመናመነ ስስ ንጣፍ ይቀራል፤ ቀለሙ ወደ ሰማያዊና ወደ ጥቁር ባደላ መጠን ጉዳቱም ይከብዳል። ቀለሙን ብቻ አንጸባርቆ ማጥፋት አይበቃም፤ ንጣፉም መነሣት አለበት፤ ይህም በደቃቅ የአሸዋ ወረቀትና በናይትሪክና ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ፔስት ይከናወናል። ይህ አሲድ ቀልድ አያውቅም፤ ቆዳን አልፎ እስከ አጥንት ይዘልቃል፤ ጓንት፣ መነጽርና ለዚህ አሲድ ቃጠሎ የሚቀባው የካልሲየም ግሉኮኔት ጄል አጠገቡ በሌለበት ወርክሾፕ ውስጥ መከፈት የለበትም። ከዚያ የሚሻለው ቀለሙ እንዳይወጣ መከላከል ነው፤ ቱቦ ሲበየድ ኦክስጅን እንዳይደርስበት በውስጥ በኩልም አርጎን ጋዝ ማሳለፍ ማለት ነው። በተራ የሽቦ ብሩሽ መፈግፈግ ግን የተራ ብረት ብናኝ በላዩ ላይ ይተዋል፤ ያ ብናኝ ሲዝግ ለጉድጓድ መነሻ ይሆናል።

«ካርቦኑ ያነሰው ከተገዛ አያሳስብም» የሚለው ለተለመደ ብየዳ ይሠራል፤ ለማንኛውም ሙቀት ግን አይሠራም። 304ኤል በደቂቃዎች ውስጥ አይጎዳም፤ ከ425 እስከ 870 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ለብዙ ሰዓታት ከቆየ ግን እርሱም ካርባይድ ያወጣል። ከዚህ የባሰው እንደ 2205 ባሉት፣ ሁለት ዓይነት የክሪስታል ቅንጣት ስለ ተቀላቀለባቸው ዱፕሌክስ በሚባሉት ዓይነቶች ላይ ነው። እነዚህ ካርቦናቸው ዝቅተኛ ነው፤ ጠላታቸው ግን ካርቦን ብቻ አይደለም። ወደ 850 ዲግሪ ገደማ ሲቆዩ ሲግማ የሚባል፣ ክሮሚየምና ሞሊብዲነምን የሚያግበሰብስ ተሰባሪ ውህድ በደቂቃዎች ውስጥ መብቀል ይጀምራል። ጸሓፊው የፒቲንግ መቋቋም ቁጥርን ጠቅሰዋል፤ የክሮሚየም መቶኛ፣ ሲደመር 3.3 ጊዜ ሞሊብዲነም፣ ሲደመር 16 ጊዜ ናይትሮጅን። በዚህ ስሌት 304 ከ18 እስከ 20፣ 316 ወደ 24፣ 2205 ወደ 35 ያገኛል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ ነገር ግን የሚቆጥረው በብረቱ ውስጥ ምን ያህል እንዳለ እንጂ የት እንዳለ አይደለም። በሲግማ የተጎዳ 2205 በሰርተፍኬቱ ላይ ዛሬም 35 ነው፤ ጨዋማ ውኃ ውስጥ ግን ከዚያ እጅግ ርካሽ እንደ ሆነ ብረት ይበሳል።

ወደ ቢላዋው ልመለስ፤ እዚህ ላይ ጽሑፉ ነገሩን ገልብጦታል። ቢላዋ፣ መቀስና የቀዶ ሕክምና መሣሪያ የሚሠሩት በአብዛኛው ከ420ና ከመሰሎቹ ነው፤ ክሮሚየማቸው 13 በመቶ ገደማ፣ ካርቦናቸው ግን ከ304 ብዙ እጥፍ ነው፤ 0.3 በመቶ ነው እንበል። ብረቱ ለስላሳ ሳለ ያ ካርቦን ካርባይድ ሆኖ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሚደርስ ክሮሚየም አስሮ ይይዛል፤ ለሽፋኑ የሚቀረው ከ10 በመቶ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ለማጠንከር ወደ 1000 ዲግሪ አካባቢ ሲሞቅ ካርባይዱ በአብዛኛው ይሟሟል፤ በፍጥነት ሲቀዘቅዝም ክሮሚየሙ ነጻ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ በትክክል የጠነከረ ቢላዋ ከለስላሳው ይልቅ ዝገትን ይቋቋማል። የሚያበላሸው ከዚያ በኋላ ተሰባሪነቱን ለመቀነስ በመጠኑ መልሶ ማሞቅ፣ ማለትም ቴምፐሪንግ ነው፤ ከ150 እስከ 370 ዲግሪ ባለው ከተደረገ ደህና ነው፤ ከ425 እስከ 600 ዲግሪ ከሆነ ግን ካርባይዱ ተመልሶ ይወጣና ዝገት መቋቋሙም ሳይሰበር ምት መቻሉም ይወድቃል። በሞላ፣ ማለትም በሚሽከረከር መሳያ ድንጋይ፣ ሲሳል ስለቱ ሰማያዊ እስኪሆን የጋለ ቢላዋም በዚያው ክልል ውስጥ ገብቷል፤ ቀድሞ የሚዝገው ስለቱ መሆኑን ያስተዋለ ሰው ምክንያቱ ይህ ነው። የሆስፒታል መሣሪያ በእንፋሎት መቀቀያ ሙቀት ተበላሸ የሚለው አነጋገር ግን ልክ አይደለም፤ 121 ወይም 134 ዲግሪ የብረቱን ውስጥ አይነካም። መሣሪያውን የሚበሳው ሳይታጠብ የደረቀ ደምና ጨው፣ ወይም ለረጅም ሰዓት የተዘፈዘፈበት በረኪና ነው።

የማግኔቱ ነገር ብዙ ቃል አያስፈልገውም። 304 በቀዝቃዛው ሲታጠፍ በመጠኑ ማግኔት ይስባል፤ የብየዳው መስመር ራሱ እንዳይሰነጠቅ ተብሎ ፌራይት የተባለ ማግኔት የሚስብ የብረት ክሪስታል ዓይነት በጥቂቱ ስለሚኖረው ይስባል፤ 420 ሙሉ በሙሉ ይስባል። ከእነዚህ አንዱም የዝገት ምልክት አይደለም፤ በድንበሩ ላይ ክሮሚየሙ የተራቆተውን 304 ማግኔት ከደህናው ለይቶ አያሳየንም።

የሚለየው ሌላ ፍተሻ ነው፤ የጸሓፊውን ምክር ተከትለው ዕቃ ያሞቁ ሰዎች ይህን እንዲያስደርጉ እመክራለሁ። ከሞቀው ስፍራ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ተወስዳ እንደ መስተዋት ትለሰልሳለች፤ ከዚያ በ10 በመቶ ኦክሳሊክ አሲድ ውስጥ በካሬ ሴንቲሜትር 1 አምፔር ኤሌክትሪክ ለአንድ ደቂቃ ተኩል ይተላለፍባትና በማይክሮስኮፕ ትታያለች። ብረቱ ደህና ከሆነ ቅንጣቶቹ እንደ እርከን ከፍና ዝቅ ብለው ይታያሉ እንጂ በመካከላቸው ቦይ የለም። ከተጎዳ ግን እያንዳንዱ ቅንጣት በጥቁር ቦይ ዙሪያውን ተቆፍሮ ይታያል። ቦዩ ከታየ ይህ ፍተሻ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም፤ በመዳብ ሰልፌትና ሰልፈሪክ አሲድ ተቀቅሎ በመታጠፍ መረጋገጥ አለበት፤ ለፒቲንጉም በ6 በመቶ ፌሪክ ክሎራይድ ውስጥ ለ72 ሰዓት የሚደረገው የኤኤስቲኤም ጂ48 ፍተሻ አለ። ጉዳቱ ከተረጋገጠ መወልወልም ሆነ በአሲድ ማጠብ አይመልሰውም፤ ጉዳቱ ገጹ ላይ ሳይሆን በብረቱ ውፍረት ሁሉ ነውና ያ ቁራጭ ተቆርጦ ወጥቶ በ304ኤል ይተካል። የወተት ማጠራቀሚያውንም ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ አዲሱ መስመር ከተበየደ በኋላ ችቦ አልነካውም።